ምዕራፍ አምስት፦ የፀሐይ ዘርና የሰሎሞን ዘር

በአዲስ አበባ መካከል፥ አራዳን ከወንዙ ማዶ ካለው ሰፈር ጋር የሚያገናኘው ድልድይ የራስ መኮንንን ስም ይዞ ይኖራል። ራስ መኮንን በዐድዋ ጦር የመሩ፥ በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ፥ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተልከው የባሕር ማዶን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ መስፍን ነበሩ። ልጃቸው ንጉሥ ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከዚሁ ድልድይ ብዙ በማይርቀው በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ በዓሉን ለማክበር ከመጡት የመንግሥታት መልእክተኞች መካከል ከፀሐይ መውጫ አገር ከጃፓን የተላከ አምባሳደር ይገኝ ነበር። ጣልያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወራቸው በፊት በአራዳ ሱቆች የጃፓን አቡጀዲ በብዛት ይሸጥ ስለ ነበረ፥ ጃፓን ለከተማው ሕዝብ በስም ብቻ የምትታወቅ አገር አልነበረችም።

ሊቃውንቱ ግን ከአቡጀዲው የበለጠ ነገር ይፈልጉ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ድርሰት ጃፓንን በምሳሌነት አንሥተዋል፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት በፊታቸው አድርገው ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ጐብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከኢጣልያ ጋር ከተደረገው ጦርነትም በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚል ርእስ ያንኑ ነገር መረመሩ። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከነጭ ወገን ያልሆነ፥ በሩን ዘግቶ የኖረ አንድ የምሥራቅ ሕዝብ በስድሳ ዓመት ውስጥ ሩስያን እስከ ማሸነፍ የሚያደርስ ኃይል ከወዴት አገኘ? የሚል ነው።

ጥያቄው የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን ስድሳ የሚለው ቍጥር ያሳስታል። ጃፓን ከባዕድ ሕዝብ ዕውቀትን ለምኖ፥ መርጦና አጣርቶ ተቀብሎ የራስ አድርጎ የማኖርን ጥበብ የተማረችው መርከብና ባቡር ከመሥራቷ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ይህንንም የምንናገረው የኛም አባቶች በአክሱም ዘመን ያንኑ ጥበብ ያውቁት ስለ ነበረ፥ የጃፓን ጥንተ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሳይሆን የራሱን ታሪክ የሚያስመረምረው በመሆኑ ነው። በዚህ ምዕራፍ የጃፓን ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ሁለት የትውልድ መጻሕፍት

የጃፓን ሰዎች ስለ አገራቸው መፈጠር የሚተርኩት እንዲህ ነው። ኢዛናጊና ኢዛናሚ የተባሉ ባልና ሚስት አማልክት ደሴቶቹን ወለዱ፤ ኢዛናሚ እሳትን ስትወልድ ተቃጥላ ሞተች፤ ባሏም ወደ ሙታን አገር ሊፈልጋት ወርዶ፥ መፍረሷን አይቶ በድንጋጤ ሸሽቶ ሲመለስ፥ ከርኩሰቱ ለመንጻት በወንዝ ታጠበ፤ ግራ ዓይኑን ሲታጠብ የፀሐይ እመቤት አማቴራሱ ተወለደች። የእርሷ የልጅ ልጅ ኒኒጊ መስተዋት፥ ሰይፍና ዕንቍ ተሰጥቶት ከሰማይ ወረደ፤ ከኒኒጊም ዘር የመጀመሪያው ንጉሥ ጂሙ ተነሥቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ660 ዓመት ነገሠ ይባላል። ከዚያ ጀምሮ ቈጥረው፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ቶኪዮ በገቡ ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበረው ሂሮሂቶ 124ኛው ነው ይላሉ። የታሪክ ምርመራ የሚያውቀው፥ ያማቶ የተባለው ጥንታዊ የጃፓን መንግሥት የተደራጀው ከዚህ እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ትውፊቱ ግን የመንግሥቱ መሠረት ሆኖ ኖሯል።

ይህ ትውፊት በመጽሐፍ የሰፈረበት ጊዜና ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። በ672 የሟቹ ንጉሥ ወንድም ቴንሙ የወንድሙን ልጅ በጦርነት አሸንፎ ዙፋኑን ያዘ፤ በኋላም በየመኳንንቱ ቤት የሚነገረው የትውልድ ታሪክ ተዛብቷልና ተመርምሮ ይጻፍ ሲል አዘዘ። ሂዬዳ ኖ አሬ የሚባል፥ አንድ ጊዜ ያነበበውን የማይረሳ፥ የሰማውን በልቡ የሚያኖር ሰው የነገሥታቱን ዜና በቃሉ ያዘ፤ ኦ ኖ ያሱማሮ ደግሞ ከእርሱ አፍ ተቀብሎ ጻፈና በ712 «ኮጂኪ» የተባለውን መጽሐፍ ለንግሥት ጌንሜ አቀረበ። ድጓውንና ዝማሬውን በቃሉ ይዞ ለተማሪው ከአፍ ወደ ጆሮ የሚያስተላልፍ መምህር በሚታወቅበት አገር፥ ይህ የአሬ ሥራ ተአምር ሳይሆን የታወቀ የሊቃውንት ማዕርግ ነው። ከ8 ዓመት በኋላ በ720 «ኒሆን ሾኪ» የተባለው ባለ 30 ክፍል ዜና መዋዕል በቻይና ቋንቋ ተጽፎ ተፈጸመ፤ የመጀመሪያው ለአገር ሰው፥ ሁለተኛው ለባዕድ መንግሥት ክብርን ለማስረዳት የታሰበ ይመስላል።

አሁን ወደ ክብረ ነገሥት እንመለስ። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን፥ የቀዳማዊ ምኒልክንና የታቦተ ጽዮንን ታሪክ የያዘው ይህ መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን ባለው መልኩ የተጻፈው፥ በ13ኛው መቶ ዓመት ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ከዛጕየ እጅ ወስደው «ወደ ሰሎሞን ዘር መለስሁ» ካሉ በኋላ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በጓደኞቻቸው እጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱም መጻሕፍት የተወለዱት ዙፋን ባከራከረበት፥ መብቱ ማስረጃ በፈለገበት ዘመን ነው። ይህን መናገር ክብራቸውን አይቀንስም፤ ሁለቱም ሕዝቦች ሥልጣን በሰይፍ ብቻ እንደማይጸና፥ ከሕዝቡ እምነት ውስጥ የሚበቅል ታሪክ እንደሚያስፈልገው ማወቃቸውን ያስረዳል እንጂ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ በመጣ ዘር ላይ ሲያቆም፥ የጃፓኑ ሕገ መንግሥት በመጀመሪያው አንቀጽ ከጥንት ጀምሮ ያልተቋረጠ ያለውን የነገሥታት ዘር ሲጠራ፥ ሁለቱም አዲስ ሕግን በጥንታዊ መጽሐፍ ላይ እየመሠረቱ ነበር።

ተመሳሳይነቱ በንዋየ ቅድሳቱም ይታያል። ከሰማይ ወረደ የሚባለው የአማቴራሱ መስተዋት በኢሴ ቤተ መቅደስ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሕዝብ አያየውም፤ ክብሩም ባለመታየቱ ይጨምራል። ቤተ መቅደሱ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን በየ20 ዓመቱ ፈርሶ በአጠገቡ በዚያው መልክ ይሠራል፤ ይህም ሥርዓት በንግሥት ጂቶ ዘመን በ690 ተጀምሮ በጦርነት ዘመን ቢታጐልም እስከ ዛሬ ሲፈጸም፥ በ2013 ለ62ኛ ጊዜ ተሠርቷል። ድንጋዩ ሳይሆን ጥበቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ዘለቀ። አክሱም ጽዮን ታቦቱን ከዓይን ሰውራ የምትጠብቅ፥ በጥምቀት ዕለትም ታቦታት በካህናት ራስ ላይ ሆነው ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ መጐናጸፊያውን እንጂ ታቦቱን የማያይ ሕዝብ፥ የኢሴን ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ሃይማኖት

የጃፓን ጥንታዊ እምነት ሺንቶ ይባላል። በተራራ፥ በፏፏቴ፥ በትልልቅ ዛፍና በአባቶች መንፈስ የሚያድሩ «ካሚ» የተባሉ ኃይላት ይመለኩበታል፤ ዋናው ነገሩ ንጽሕና ነው፤ ሞትና ደም ያረክሳሉ፥ ውሃ ያነጻል። መሥራች ነቢይ የለውም፥ የሃይማኖት መግለጫም የለውም። በዚህ እምነት መካከል በ6ኛው መቶ ዓመት፥ አንዳንድ መዝገብ በ538 አንዳንዱም በ552 ይለዋል፥ የኮርያ ክፍል የሆነው የፔክቼ ንጉሥ የቡድሃን ምስልና መጻሕፍት ለንጉሥ ኪንሜይ ላከ። ዘመኑን ከእኛ ጋር ብናስተያየው፥ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ናግራንን ከታደጉበት፥ ቅዱስ ያሬድም ዜማውን ደረሰበት ከሚባለው ዘመን ጋር ይገናኛል።

ምስሉ በቤተ መንግሥት ትልቅ ክርክር አስነሣ። የሶጋ ወገን «ጐረቤቶቻችን ሁሉ ያከበሩትን እኛ ብቻ ለምን እንተወዋለን» ሲል፥ የሞኖኖቤና የናካቶሚ ወገኖች ግን የአገሩ ካሚ ይቈጣሉ ብለው ተቃወሙ። ቸነፈር በመጣ ጊዜ የአማልክት ቍጣ ነው ተብሎ ምስሉ በናኒዋ ወደ ውሃ ተጣለ፤ ነገሩ በክርክር ሳያልቅ በ587 በጦርነት ተፈረደና ሶጋዎች አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የነገሠችው ንግሥት ሱይኮ የወንድሟን ልጅ ልዑል ሾቶኩን እንደራሴ አድርጋ አስቀመጠች። በ604 ለሹማምንት መመሪያ የሚሆን 17 አንቀጽ ያለው ሥርዓት ወጣ፤ ስምምነትን ያስቀድማል፥ ለቡድሃ ሃይማኖት ክብርን ያዝዛል፥ የቻይናዊውን የኮንፊውሺየስን የሹመትና የታዛዥነት ትምህርት ይከተላል። በ607 ወደ ቻይና በተላከው ደብዳቤም የያማቶ ንጉሥ ራሱን የፀሐይ መውጫ ገዥ፥ የቻይናውን የፀሐይ መግቢያ ገዥ ብሎ ስለ ጻፈ የቻይናው ንጉሥ ተቈጣ ይባላል። መማር የሚፈልግ፥ ነገር ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባር ለመሆን የማይፈቅድ መንግሥት አቋም ይህ ነበር።

ትምህርቱም በቀላሉ አልተገኘም። እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ድረስ ወደ ቻይና የሚሄዱት የመልእክተኞች መርከቦች መነኮሳትን፥ ተማሪዎችን፥ ሐኪሞችንና አናጢዎችን ጭነው ይጓዙ ነበር፤ ብዙዎቹም በማዕበል ጠፍተዋል። አቤ ኖ ናካማሮ የተባለው ተማሪ በቻይና ተሹሞ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ሞተ፤ አብሮት የሄደው ኪቢ ኖ ማኪቢ ግን 17 ዓመት ተምሮ ከብዙ መጻሕፍት ጋር ተመልሶ፥ ከታላላቅ ሚኒስትሮች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ። ጋንጂን የተባለው ቻይናዊ መምህር ደግሞ የመነኮሳትን ሥርዓት ለማስተማር ተጠርቶ፥ አምስት ጊዜ ሞክሮ ሳይሳካለት፥ የዓይኑ ብርሃን ከጠፋ በኋላ በስድስተኛው ጊዜ ደረሰ። ከሶርያና ከሮም ግዛት መጥተው በአክሱም ዙሪያ ገዳማትን የተከሉትን ዘጠኙን ቅዱሳን፥ ከእነርሱም በፊት ዐፄ ኢዛናን ያስተማሩትን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለሚያስብ አንባቢ፥ የጋንጂን ታሪክ የሚታወቅ ዜማ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በአክሱም ወንጌል በገባ ጊዜ የአሮጌው አምልኮ ጣዖታት ስፍራቸውን ለቀቁ፤ የኢዛና ገንዘብም ጨረቃንና ፀሐይን ትቶ መስቀልን አተመ። በጃፓን ግን አሮጌውና አዲሱ ጐረቤት ሆነው ኖሩ። ንጉሥ ሾሙ በናራ ከተማ በቶዳይጂ ቤተ መቅደስ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የነሐስ ቡድሃ ሲያሠራ የሃቺማን ካሚ ሥራውን ፈቀደ ተብሎ ተነገረ፤ በ752 ምስሉ ሲመረቅም ከህንድ የመጣ መነኵሴ ዓይኖቹን በብሩሽ ሣለ። እኛ አሮጌውን ኪዳን ከአዲሱ ጋር በታቦት አስተሳሰርን፤ እነርሱ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቤት አኖሩ። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም የመጣውን እንደ መጣ አልተዉትም።

ተንቀሳቃሽ ከተማና የጸና ከተማ

በጥንት ዘመን የያማቶ ንጉሥ ሲሞት ሞት ቤተ መንግሥቱን ያረክሰዋል ተብሎ ስለሚታመን ተከታዩ በሌላ ስፍራ አዲስ ይሠራ ነበር። የኛ ነገሥታት ደግሞ ማገዶና ቀለብ እየተከተሉ ድንኳናቸውን ከአገር ወደ አገር ያዛውሩ ነበር፤ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ እንጨት አልቆባት ልትለቀቅ ስትል ባሕር ዛፍ እንዳዳናት የታወቀ ነው። ጃፓን ከመንከራተት የወጣችው በሕግ ነው፤ በ701 የታይሆ ሕግ መሬትን፥ ግብርንና የሹመት ደረጃን ደነገገ፤ ሕግም ጽሕፈት ቤት ስለሚፈልግ፥ ጽሕፈት ቤትም መዝገቡን ይዞ መዞር ስለማይችል፥ በ710 ናራ፥ በ794 ደግሞ ዛሬ ኪዮቶ የምንላት ሄያን በቻይናዋ ቻንግአን አምሳል መንገዶቿ ቀጥ ብለው ተሠሩ። ሄያን ከዚያ ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የነገሥታቱ መቀመጫ ሆና ኖረች።

በ894 ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ቻይና በሁከት ላይ ስለሆነች መልእክተኛ መላክ ይቅር ብሎ መከረ፤ ምክሩም ጸና። አሁን የሰበሰቡትን የሚያላምጡበት ዘመን ሆነ። የቻይናን ፊደል ቈርጠውና አቅልለው የራሳቸውን ቋንቋ ድምፅ የሚጽፉበት «ካና» የተባለውን ፊደል አወጡ። ወንዶቹ ሊቃውንት፥ የኛ ሊቃውንት በግእዝ ይጽፉ እንደ ነበረው፥ በቻይና ቋንቋ መጻፍን ክብር አድርገው ሲይዙ፥ የቤተ መንግሥት ሴቶች ግን የሚናገሩትን ቋንቋ በካና ጻፉ፤ ያ ዘመን ለዓለም ያበረከተው ታላቁ ድርሰትም ከሴቶቹ እጅ ወጣ።

ሙራሳኪ ሺኪቡ ታናሽ ሳለች አባቷ ለወንድሟ የቻይና መጻሕፍትን ሲያስተምር በአጠገብ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር፤ እርሷ ከወንድሟ ቀድማ ስለምትይዝ አባቷ ወንድ ባለመሆኗ ያዝን እንደ ነበረ ራሷ ጽፋለች። በኋላ የእቴጌ ሾሺ ደንገጡር ሆና በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «የጌንጂ ታሪክ» የተባለውን ባለ 54 ምዕራፍ ልብ ወለድ ደረሰች፤ በዚያው ዘመን በእቴጌ ቴይሺ ቤት የነበረችው ሴይ ሾናጎንም «የትራስ መጽሐፍ» የተባለውን የሐሳብ ድርሰት ጻፈች። በዚያ ቤተ መንግሥት ግጥም የሹመትና የፍቅር መንገድ ነበረ፤ ደብዳቤ የሚመዘነው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእጅ ጽሕፈቱ ውበት፥ በወረቀቱ ቀለምና አብሮት በተላከው የአበባ ቅርንጫፍ ጭምር ነበር። በጉባኤ ፊት ቅኔ ተቀኝቶ ከንጉሥ ሽልማት የሚቀበል ሊቅ የነበረበት አገር ሰው፥ ቃል ማዕርግ የሚሰጥበትን ይህን ዓለም ያውቀዋል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፥ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት፥ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የሕዝቡ ቋንቋ በድርሰት የተከበረበት ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል የተራራቀ መሆኑ ልናስብበት የሚገባ ቁም ነገር ነው።

ከዙፋኑ በስተኋላ

ይህ ሁሉ ውበት የሚጠበቀው በንጉሡ ክንድ አልነበረም። የፉጂዋራ ቤት ሴት ልጆቹን ለነገሥታቱ እየዳረ፥ የሚወለዱትን ሕፃናት እያነገሠ፥ አያት በሆነው እንደራሴ እጅ አገሩን ይገዛ ነበር፤ ከእነርሱም ታላቁ ፉጂዋራ ኖ ሚቺናጋ አራት ሴቶች ልጆቹን ለነገሥታት ሰጥቶ የሦስት ነገሥታት አያት ሆነ። ከ12ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሥልጣኑን «ሾጉን» የሚባሉ የጦር አለቆች ወሰዱና እስከ 1868 ያዙት። ይሁን እንጂ ከፉጂዋራም ሆነ ከሾጉኖች አንዱም የፀሐይ ዘር ነኝ ብሎ በዙፋኑ አልተቀመጠም።

በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች በጐንደር ነገሥታትን ሲያወጡና ሲያወርዱ፥ እነርሱ ራሳቸው ግን ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያላሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጦር ስልጣንን ይሰጣል፥ ዘር ግን ሕጋዊነትን ይሰጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። ያንን ዘመን በኃይል የደመደሙት ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ኋላ ራሳቸውን ከሰሎሞን ዘር ቈጥረዋል። እርሳቸው በመቅደላ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. የጃፓን ሾጉን ሥልጣኑን አጥቶ ንጉሥ ሜጂ ወደ መንግሥቱ ተመለሰ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አንድነት ፈላጊዎች፥ አንዱ ወደ መቃብር ሌላው ወደ ዙፋን ሄዱ።

ከጥንቱ የምንወስደው ትምህርት

የሜጂ ሰዎች ያደረጉትን በዚህ ታሪክ ብርሃን ስናየው፥ አዲስ ነገር ፈጠሩ ከማለት አሮጌ ልማድን አደሱ ማለት ይቀላል። በ1868 ያቆሙት የመንግሥት ምክር ቤት ስሙን የወሰደው ከ701 ሕግ ነው፤ በ1871 ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የላኩት የኢዋኩራ መልእክተኛ ቡድንም ተማሪዎችን፥ ከእነርሱም ጋር አምስት ልጃገረዶችን ይዞ ሲሄድ፥ ወደ ቻይና ይጓዙ የነበሩትን የጥንት መርከቦች መንገድ ተከተለ። የተማሪው ዕጣ ግን በመሄዱ አይፈረድም፤ ሲመለስ ማን እንደሚቀበለው ነው ቁም ነገሩ። ኪቢ ኖ ማኪቢ መጽሐፉን ይዞ ሲመለስ ሕግ ያለው መንግሥት፥ መዝገብ ያለው ጽሕፈት ቤትና ተማሪ የሚቀመጥበት ትምህርት ቤት ይጠብቁት ነበር።

የኛ ዘመነኞች ይህን ለመሥራት ጀምረው ሳይጨርሱ የኢጣልያ ጦርነት ደረሰባቸው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰው ጭፍጨፋ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ አረፉ። የተቋረጠው የሰው ሰንሰለት ነበር፤ የሰሎሞን ዘር ወደ ዙፋኑ ቢመለስም የዘሩ መቀጠል ብቻውን ይህን ጉዳት ሊጠግነው አልቻለም። ጃፓንም በበኩሏ የንጉሥ አምላክነት ለወራሪነት መሣሪያ በሆነ ጊዜ ምን ያህል ደም እንደሚያስፈስስ በራሷና በጐረቤቶቿ ላይ አይታ፥ በ1946 መጀመሪያ ሂሮሂቶ ራሱ አምላክ አለመሆኑን ለሕዝቡ አስታወቀ፤ በኛም አገር ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ቀረ። ሁለቱ የትውልድ መጻሕፍት ሕዝብን ያስተሳሰሩ ትላልቅ ድርሰቶች ሆነው ይኖራሉ፤ ነገር ግን አገርን ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገረው፥ ሂዬዳ ኖ አሬን ከያሱማሮ፥ ጋንጂንን ከደቀ መዛሙርቱ፥ አናጢውን በኢሴ ከልጁ ጋር ያገናኘው የመቀበልና የማስተላለፍ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ጃፓን እንዴት ሠለጠነች ብለን ስንጠይቅ ፋብሪካዋን ብቻ አንይ። አባ ሰላማ የመጡለትን፥ ዘጠኙ ቅዱሳን ገዳም የተከሉለትን፥ ቅኔ ቤትና ዜማ ቤት የሠራውን ሕዝብ «መቀበል አታውቅም» ማለት አይቻልም። የሚያስፈልገን ይህን የታወቀ ችሎታ ከቤተ ክህነቱ ደጅ አውጥተን በሐኪም ቤት፥ በፍርድ ቤት፥ በዩኒቨርሲቲና በእጅ ሥራ ቤት ሁሉ ሥርዓት አድርገን መትከል ነው፤ ማለት ከውጭ ተምሮ የሚመጣውን ልጅ የሚቀበል ወንበር፥ ያወቀውን የሚጽፍበት ቋንቋ፥ የጻፈውንም ተቀብሎ የሚያሻሽል ተማሪ ማዘጋጀት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይና ባልንጀሮቻቸው ከጃፓን የፈለጉት የሥልጣኔ ምስጢር ይህ ነውና፥ ጥያቄያቸውን እነርሱ ካቆሙበት ተቀብሎ መቀጠል የኛ ትውልድ ግዴታ ነው።